ለመሸበት እንግዳ የሚነጋው መቼ ነው?

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርዱ የአሜሪካ ኤምባሲን አጥር ታያላችሁ። እኛ ጉለሌ ያደግን ልጆች ያንን አጥር በየቀኑ እያለፍነው ነው ያደግነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ፋይላቸውን በደረታቸው አቅፈው ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎችን እናያለን፤ የአንዳንዶቹ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለዩ ነው። ስንመለስ እየሳቀ የሚወጣ አለ፤ አጥሩን ተደግፎ ለቤተሰቡ መደወል ያቃተውም አለ። ለብዙዎቻችን የዚያ በር ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ያስገቡታል ወይስ አያስገቡትም? በዚህ ዓመት ግን ሌላ ጥያቄ መጣብን። አንድን ሰው ካስገቡት በኋላ "ጊዜህ አልቋል፣ ሂድ" ማለት ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው?

ጥያቄውን ያመጣብን አንድ ወንድማችን ነው። ስሙን አልጠራም። በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ወላጆቹ ጎጃም ናቸው፤ እሱ ያደገው እዚህ ሽሮ ሜዳ አክስቱ ዘንድ ነው። አሜሪካ ከሄደ በኋላ የአገር ቤቱ ጦርነት ሲበረታ፣ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን በሰጠው ጊዜያዊ ከለላ፣ ብዙዎች "ቲፒኤስ" በሚሉት፣ ሕጋዊ ሆኖ ቆየ። የሥራ ፈቃድ አገኘ፤ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ቀን ይማራል። ለእናቱ መድኃኒት ይልካል። ታኅሣሥ ላይ በቴሌግራም ቡድናችን ረጅም የድምፅ መልእክት ላከ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ሁለት ነገር ጠየቀን።

የመጀመሪያው፦ "ጊዜያዊ መሆኑን እያወቅሁ ነው የገባሁበት። ታዲያ አሁን አበቃ ሲሉኝ ቅር የመሰኘት መብት አለኝ?"

ሁለተኛው፦ "እዚህ በጸሎት ፕሮግራም ላይ አንድ ወንድም፣ ‘ጌታ የሚጠብቅህ ከሆነ እዚያም ይጠብቅሃል፤ መፍራትህ እምነት ማጣት ነው’ አለኝ። እውነት ነው?"

ስለ መጽናናት ሁለት ሦስት ቃል ጻፍንለት፤ ጸለይንለት። ጥያቄዎቹን ግን አልመለስንለትም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያን ዕዳ ለመክፈል ነው፤ በመሐል ግን ያላሰብኩት ሌላ ዕዳ ተገኘብኝ።

የሆነው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ነገሩን በልኩ እንወቀው። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። አንድ አገር በጦርነት፣ በተፈጥሮ አደጋ ወይም በሌላ ያልተለመደ ችግር ምክንያት ዜጎቹን በሰላም መቀበል ሲያቅተው፣ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ያሉ የዚያ አገር ሰዎች እንዳይባረሩና እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል። ከለላው ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ይሰጣል፤ ጊዜው ከማለቁ በፊት የአገሩ ሁኔታ ታይቶ ይራዘማል ወይም ይቆማል። በራሱ ወደ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አያደርስም።

ኢትዮጵያ በዚህ ሕግ ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ነው፤ የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመፈረሙ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። በ2024 ለሌላ 18 ወር ታደሰ። ጊዜው በሚያበቃበት ቀን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከለላው እንደሚቆም አስታወቀ፤ 60 ቀን ተሰጥቶም የካቲት 6 ያበቃል ተባለ። የተሰጠው ምክንያት በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ የሚመለሱትን ሰዎች ደኅንነት እስከዚህ የሚያሰጋ አይደለም፣ ከለላውም ከመነሻው ጊዜያዊ ነበር የሚል ነው። የሚመለከታቸው ኢትዮጵያውያን ወደ 5,000 ይጠጋሉ። በዚያው እ.ኤ.አ. 2025 የቬኔዙዌላ፣ የአፍጋኒስታን፣ የካሜሩን፣ የኔፓል፣ የሆንዱራስና የኒካራጓ ዜጎችም ተመሳሳይ ውሳኔ ደርሶባቸዋል። ከሆንዱራስና ከኒካራጓ የመጡት ከለላውን የያዙት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነበር፤ በ"ጊዜያዊ" ውስጥ ልጅ ወልደው ያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

የሕጉን ክርክር ለጠበቆችና ለዳኞች ትቼ የኅሊናውን ጥያቄ እይዛለሁ።

"ጊዜያዊ ተብሎ ተነግሮት የለም እንዴ?"

ረቡዕ ማታ ከጥናት በኋላ ስንወያይ አንዲት እህት እጇን አነሣች። እኛ ሁላችን በቁጣ ስንናገር እሷ ብቻ ረጋ ብላ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጊዜያዊ ተብሎ ተነግሮት የለም እንዴ? ለአንድ ሌሊት አሳድሩኝ ያለ እንግዳ ዓመት ቢከርም ባለቤቱ ምን ይበል? እንዲህ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ማን በር ይከፍታል?" አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እውነቱን እንናገር፤ አገር ቤት አለው፣ ቤትም በር አለው፣ በሩም ባለቤት አለው። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሁሉ በግድ ቋሚ የሚሆን ከሆነ፣ ሰዎች ጊዜያዊ ነገር መስጠት ያቆማሉ። የሚጎዳውም ነገ የሚመጣው ስደተኛ ነው። ስለዚህ "ከለላ ማቆም ኃጢአት ነው" ብዬ አልነሣም። ከለላ የሚቆምበት ጊዜ አለ።

ነገር ግን የእህታችን ምሳሌ ራሱ መልሱን ይዞ መጥቷል። በአገራችን ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ፣ "የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ" ይላል። ከውስጥም "ቤት ለእንግዳ" ይባላል። የት ተወለድክ፣ ምን ይዘሃል ሳይባል እግሩ ይታጠባል፤ ካለው ይቀርብለታል። ይህ ጊዜያዊ ከለላ ነው፤ እንግዳውም ባለቤቱም ያውቁታል። ታዲያ መቼ ነው የሚያበቃው? ሲነጋ። ለምን ሲነጋ? እንግዳው በር ያንኳኳው ስለመሸ ነው። ጅቡም፣ ወንበዴውም፣ ወንዙም ያለው በጨለማው ውስጥ ነው። ባለቤቱ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ፣ "አንድ ሌሊት ብለህ አልነበር? በኔ ሰዓት ነግቷል" ቢለው፣ ቃሉን ጠብቋል ማለት ይቻላል? አይቻልም። የቃሉ ትርጉም ያለው በውጭው ብርሃን ላይ ነው፤ የባለቤቱ ድካም ሰዓት ሊሆን አይችልም።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ በመጨረሻ ብረት ነው ሲባል እንሰማለን። አባባሉ የባለቤትን ልብ በትክክል ይገልጻል። ልብ ይደክማል። ልብ የሚደክም በመሆኑ ግን ነው ንጋትን ልብ እንዲወስነው መተው የማይገባው።

የመማፀኛ ከተማው በር

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጊዜያዊ ከለላ ግልጽ ሥርዓት አለው፤ ብዙ ጊዜ አንብበነው በዚህ ዓይን ሳናየው አልፈናል። በዘኍልቍ 35፣ በዘዳግም 19 እና በኢያሱ 20 ስለ መማፀኛ ከተሞች ተጽፏል። ሳያስብ ሰው የገደለ ሰው ከደም ተበቃዩ እንዲያመልጥ ስድስት ከተሞች ተለዩ፤ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ወዲህ፣ ሦስቱ ወዲያ። ለእስራኤላዊው ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ለሚቀመጥ መጻተኛም ጭምር ተፈቀዱ። ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ እንዲስተካከል ታዘዘ፤ ሸሽቶ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ እንዳይያዝ። የሸሸው በከተማው በር ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች ይናገራል፤ እነሱም ተቀብለው የሚቀመጥበት ስፍራ ይሰጡታል።

አሁን ስለ ማብቂያው ተመልከቱ። ሰውየው እዚያ ለዘላለም አይኖርም። ሊቀ ካህናቱ ሲሞት ወደ ርስቱ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ማብቂያው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የከተማው ሽማግሌዎች ሲሰለቹ ወይም ሌላ ሽማግሌ ሲሾም የሚለወጥ አይደለም። ሁለተኛ፣ ማብቂያው ከአደጋው ማብቂያ ጋር ታስሯል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ደም ተበቃዩ ሊነካው አይፈቀድለትም። ሦስተኛ፣ የሚሄድበት አለው፤ ወደ ርስቱ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወደ ሜዳ አይጣልም።

ለወንድማችን የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። "ጊዜያዊ መሆኑን እያወቅሁ ቅር ልሰኝ?" ማለቱ ጨዋነት ነው። ነገር ግን የተነገረው ቃል "እስክንሰለች" የሚል አልነበረም፤ "አገርህ በሰላም ሊቀበልህ እስኪችል" የሚል ነበር። በዚያ ቃል ላይ ተማምኖ ሥራ ያዘ፣ ቤት ተከራየ፣ እናቱን አሳከመ። ይህን ያደረገው በድብቅ ሳይሆን በፈቃድ ነው። ፈቃድ ሰጥተውህ በሠራኸው ሕይወት ላይ ሰጪውም ዕዳ አለበት። ዕዳው ለዘላለም ማኖር ላይሆን ይችላል፤ ቢያንስ ግን ውጭውን በእውነት አይቶ "ነግቷል" ማለት፣ ከዚያም መሸኘት ነው።

ታዲያ ነግቷል? የሰሜኑ ጦርነት በስምምነት መቆሙ እውነት ነው፤ ስለዚያም እግዚአብሔርን አመስግነናል። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ ካበቃ በኋላም ግጭቱ አላበቃም። ያው የአሜሪካ መንግሥት በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በኩል ለራሱ ዜጎች፣ ወደ ኢትዮጵያ መጓዝን ደግመው እንዲያስቡበት፣ ወደ አንዳንድ ክልሎች ደግሞ ጨርሶ እንዳይሄዱ ያሳስባል። ለአንዱ "መንገዱ ጨለማ ነው፣ አትሂድ" ለሌላው "ነግቷል፣ ውጣ" የሚል አንድ አፍ ሲገኝ፣ የሚለካው ንጋት መሆኑ ያጠራጥራል። አዲስ አበባ ሰላም ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔም የምጽፈው አዲስ አበባ ተቀምጬ ነው። ወንድማችን የሚመለስበት የወላጆቹ ቤት ግን ጎጃም ነው።

ይህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ አሜሪካ እዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን በግድ ላለመመለስ ወስና ነበር። በ1981፣ ደርግ በሙሉ ጉልበቱ እያለ፣ ያ ከለላ ይቁም ተባለ። ብዙ ሰው ተቃወመ፤ በ1982 እስከ 1980 አጋማሽ ለገቡት ተመለሰላቸው። ሌላም ምሳሌ አለ፤ ይህኛው የተሻለ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሱዳን የነበሩ ብዙ ስደተኞቻችን በድጋፍ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1991 በፊት ለተሰደዱት ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት መብት እንዲያበቃ ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ደርግ ከወደቀ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቆይቶ። ያኔም "እኔ ግን አሁንም የምፈራበት ምክንያት አለኝ" ለሚል ሰው ጉዳዩ ለብቻው የሚታይበት በር ተተወ። ሁሉ ሰው ደስ ብሎታል ማለቴ አይደለም። ከለላ ማቆም እንደሚቻል፣ ነገር ግን የሚቆምበት መንገድ እንዳለው ለማሳየት ነው።

የዮሴፍ ፍርሃት

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ከሜዳ ሳይሆን ከጉባኤ የመጣ ነውና። "መፍራትህ እምነት ማጣት ነው።"

ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ገና በደረሰ ቁጥር እናነባለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰብአ ሰገል ሲመለሱ እኛም አብረን እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የስደተኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ። ሄሮድስ ሲሞት መልአክ በሕልም ተገልጦ፣ የሕፃኑን ነፍስ የፈለጉት እንደሞቱ ነግሮ እንዲመለስ አዘዘው። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር፣ የአገሩ ሁኔታ ተለውጧል፤ ያውም ምንጩ ሚኒስቴር ሳይሆን መልአክ ነው። ዮሴፍ ታዘዘና ተነሣ።

ነገር ግን አገሩ ሲገባ በይሁዳ ላይ አርኬላዎስ በአባቱ በሄሮድስ ፈንታ እንደነገሠ ሰማ፤ ወደዚያም መሄድ ፈራ። ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም። አርኬላዎስ በፋሲካ ሰሞን በቤተ መቅደሱ አካባቢ 3,000 ያህል ሰው እንዳስገደለ ዮሴፍ የተባለው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ጽፏል። በጭካኔው የተነሣ ሮማውያን ራሳቸው በ6 ዓ.ም. አካባቢ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከሥልጣን አውርደው በግዞት ሰደዱት።

እግዚአብሔር ለዮሴፍ ፍርሃት ምን መለሰ? "እምነትህ የት አለ?" አላለውም። "መልአክ ተናግሮህ ሳለ ለምን ወሬ ትሰማለህ?" አላለውም። በሕልም አስጠነቀቀው፤ እሱም ወደ ገሊላ ሄዶ ናዝሬት ኖረ። ጌታችን "ናዝራዊ" ተብሎ የተጠራው አንድ አባት የአገሩን ወሬ በጥሞና ሰምቶ በጊዜው ስለፈራ ነው። ሄሮድስ ሞቷል ማለትና መንገዱ ሰላም ነው ማለት አንድ አለመሆኑን ዮሴፍ ያውቅ ነበር። እግዚአብሔርም ይህን ዕውቀቱን አከበረለት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ኃጢአት አይደለም። በአስተማማኝ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ፍርሃት እምነት ማጣት ብሎ መጥራት ግን ልንናዘዘው የሚገባ ነገር ነው። ብትመለስም ባትመለስም ጌታ ካንተ ጋር ነው። ግን ወሬውን ስማ፤ ጠበቃ አማክር፤ የሚቻለውን ሕጋዊ በር ሁሉ አንኳኳ። ይህ ከጸሎት ጋር አይጣላም።

በኛ ግቢ

ጽሑፉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አሜሪካን ወቅሼ፣ ወንድሜን አጽናንቼ፣ ብዕሬን ባስቀምጥ። ግን በዚያው ታኅሣሥ አንድ ነገር አድርጌ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል አለ። ከሁለት ልጆቿ ጋር አንዲት ኤርትራዊት እናት ተከራይታ ትኖርበታለች። ትግራይ ውስጥ መጠለያ ካምፕ ነበረች፤ ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ብዙዎቹ ሸሽታ አዲስ አበባ ገባች። ወረቀቷ ያልታደሰ ነው። ኪራይ አሳልፋ አታውቅም። ታላቅ ወንድሜ በዚህ ዓመት ስለሚያገባ ክፍሉ ያስፈልገን ነበር፤ ደግሞም ስለ ወረቀቷ "ነገ ማን መጥቶ ይጠይቀን ይሆን" የሚል ስጋት ነበረብን። እናም አንድ ማክሰኞ ማታ በሯን አንኳኩቼ፣ "እስከ ወር መጨረሻ ብትለቂልን" አልኳት። በትህትና ነው የነገርኳት። እሷም ትንሽ ዝም ብላ፣ "ሕራይ" አለችኝ። ልጇ ደብተሩን ከመሬት ላይ ሰበሰበ።

በማግስቱ ረቡዕ ነው በኅብረቱ ተነሥቼ "ለሰው ልጅ 60 ቀን ብቻ! ይህ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?" ብዬ የተናገርኩት። ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ለእናቴ ስደግምላት ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ሳትል፣ "አንተ ለእሷ ስንት ቀን ሰጠሃት?" አለችኝ።

19 ቀን ነበር የሰጠኋት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የአገራችንንም ታሪክ በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ። ኢትዮጵያ በስደተኛ አቀባበል የምትመሰገን አገር ናት፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከሱዳን፣ ከኤርትራ የመጡ ብዙ መቶ ሺዎች በመካከላችን አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአፍሪካ ጥሩ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ለዓመታት ከኤርትራ የሚመጣ ሰው እያንዳንዱ ጉዳዩን ማስረዳት ሳይጠበቅበት በጅምላ እንደ ስደተኛ ይቆጠር ነበር። በጥር 2012 ዓ.ም. ግን ያ አሠራር ቆመ፤ የተወሰኑ መስፈርቶችን የሚያሟሉ ብቻ እንዲመዘገቡ ተደረገ። ሁለቱ መንግሥታት ከታረቁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በዚያኛው ወገን ግን ሰዎችን የሚያሰድደው ማብቂያ የሌለው የብሔራዊ አገልግሎት ግዳጅ እንዳለ ነበር። መሪዎች ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን አይተናል፤ ሄሮድስ ሞቷል ብለን ነበር። የኤርትራዊቷ እናት መንገድ ግን ነግቶ ነበር? ያኔ ከኛ ጉባኤ ማን ጠየቀ? እኔ አልጠየቅሁም። ዜናውንም አላስተዋልኩትም።

በኦሪት እግዚአብሔር ለሕዝቡ ደጋግሞ የሚሰጠው አንድ ምክንያት አለ፦ በግብፅ ስደተኞች ስለነበራችሁ የስደተኛ ነፍስ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ (ዘጸ. 23)። ትእዛዙ በሕግ ዕውቀት ላይ አልቆመም፤ በትዝታ ላይ ነው የቆመው። የኛ ትውልድ ትዝታ ገና ትኩስ ነው። በያንዳንዳችን ቤት አንድ ውጭ አገር ያለ ሰው አለ። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠው የሐበሻ ቀሚስ ስንቱ የሚሄደው ወደ ውጭ ነው! ሸማኔዎቻችን ራሳቸው ወይም አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ ተነሥተው፣ ይህች ከተማ ስፍራ ሰጥታቸው ነው እዚህ የሰፈሩት። ጉለሌ የተሠራችው "ቤት ለእንግዳ" በተባሉ ሰዎች እጅ ነው። እኛ ከለላን በሁለት መስፈሪያ ብንሰፍር፣ ለራሳችን ሰው ሰፊ፣ ደጃችን ላለው ጠባብ፣ በአጥሩ ማዶ ያለው ኤምባሲ የሚሰማን ምን ቃል ይኖረናል?

መሸኘት

አማርኛችን አንድ ውብ ቃል አለው፦ መሸኘት። እንግዳ ሲሄድ ባለቤቱ ከደጅ ወጥቶ፣ አብሮት ተራምዶ፣ መንገዱን አሳይቶ፣ "እስከዚህ ውሻ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ሰላም ነው" ብሎ ይመለሳል። ሐዋርያው ዮሐንስም በሦስተኛ መልእክቱ ጋይዮስን፣ እንግዶች ሆነው የመጡትን ወንድሞች ለእግዚአብሔር በሚገባ አኳኋን በጉዞአቸው እንዲረዳቸው ይለምነዋል። መቀበል ብቻውን አይበቃም፤ አሸኛኘቱም ለእግዚአብሔር የሚገባ መሆን አለበት። አንድ ሰው ቤቴን ለቆ ቢሄድ ኃጢአተኛ አልሆንም። ሸኝቼው ነው ወይስ አባርሬው የሚለው ግን ይጠየቅብኛል። ልዩነቱም በድምፄ ትህትና አይለካም፤ እኔም እኮ በትህትና ነበር የተናገርኩት። የሚለካው ውጭውን አይቼለት እንደሆነ፣ በቂ ጊዜ ሰጥቼው እንደሆነ፣ የሚሄድበት እንዳለው ጠይቄ እንደሆነ ነው።

እኛ ቤት ምን ሆነ? ትልቅ ነገር አልሆነም። ወንድሜና እጮኛው ሲሰሙ ለጊዜው ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍለው ለመኖር ተስማሙ፤ ደስ ብሏቸው ነው ብዬ አልዋሽም። ለእናትየዋ ልጆቹ ትምህርት እስኪዘጉ፣ እስከ ሰኔ፣ እንድትቆይ ነገርናት። ከዚያ በፊት ቤት ማፈላለጉን ከእናቴ ጋር አብረን እንሠራዋለን፤ ለአዲሱ አከራይ ስለ እሷ የምንመሰክረውም እኛ ነን። ስለ ወረቀቷም ከሚመለከተው ቢሮ አብሬያት ሁለት ጊዜ ተሰልፌያለሁ። ወረፋው ውስጥ ቆሜ ፋይሏን በደረቷ አቅፋ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያንን ከንፈር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ለወንድማችንም መልስ ልከናል፤ ከዚህ ጽሑፍ አጠር ያለ። "ቅር መሰኘትህ ትክክል ነው፤ መፍራትህም ኃጢአት አይደለም" አልነው። ቀጥዬም ስለ ሰርቪሱ ክፍልና ስለ 19 ቀኑ ነገርኩት። ብዙ ደቂቃ ቆይቶ መለሰ፦ "እሷን እንዳትረሱ። እኔ እዚህ የማደርገው ጸሎት ስለ ራሴ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እሷም ነው።"

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ መንግሥታት ምን እንደሚወስኑ አብዛኛዎቻችን አንወስንም። የግቢያችንን በር ግን እኛ ነን የምንከፍተውም የምንዘጋውም። በዚህ ሳምንት ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በሰፈራችሁ፣ ምናልባትም በራሳችሁ ግቢ፣ የመሸበት ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። "ነግቷል" ከማለታችሁ በፊትም ወጥታችሁ ሰማዩን እዩ።